«ፎርማት ላድርገው?» ሲላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ገጠመኝ ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ቀዶ ሕክምና የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ የማወራው ግን ስለ አንዲት ፍላሽ ነው። ሳቁ፤ ከመካከላችን ፍላሽ አስደንግጦት የማያውቅ ካለ ግን እጁን ያውጣ።

በ2004 ዓ.ም. የማህፀንና ጽንስ ሬዚደንት ነበርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ፣ ከወለዱ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳቸውን 183 እናቶች አነጋገርኩ። የእያንዳንዷን ታሪክ በአንድ ፋይል፣ ፋይሎቹን ሁሉ በአንዲት ፍላሽ አስቀመጥኩ። የወረቀት መጠይቆቹ ክፍላችን ቦታ ሲቀይር የገቡበት ጠፋ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ፍላሿን ስሰካት፣ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደክሞኛል፣ ከዋርድ እየተጠራሁ ነው። «እሺ» አልኩት። ባዶዋን ተከፈተች። ይባስ ብዬ፣ መሥራቷን ላረጋግጥ የእህቴን የሰርግ ፎቶዎች ገለበጥኩባት።

እየደማች የመጣች እናት ብትሆን ኖሮ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ሳልለይ እንዲህ አልቸኩልም ነበር።

ነገሩን ያስረዳኝ ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ነው። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ፋይሉን አይደለም። እኛ በምናውቀው ልንገራችሁ፦ የካርድ ክፍሉ መዝገብ ቢቃጠል ካርዶቹ መደርደሪያው ላይ አሉ፤ የቱ የት እንዳለ የሚነግረን ግን የለም። ፋይሉ የምር የሚጠፋው በላዩ ላይ ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው። እኔን የጎዳኝ እንግዲህ ከፎርማቱ ይልቅ የሰርጉ ፎቶ ነበር።

ልጁ መጀመሪያ የፍላሿን ሙሉ ግልባጭ ሌላ ዲስክ ላይ ወሰደ። ከዚያ ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ግልባጩን ፈተሸ፤ ዋናዋን አልነካካትም። ፎቶሬክ ማውጫውን ትቶ ፋይሎችን በውስጣቸው ባለው መለያ ስለሚያውቃቸው፣ የእኔዎቹ ስማቸውን አጥተው በቁጥር ብቻ ወጡ። 162ቱ ተከፈቱ፣ 21ዱ አልተከፈቱም።

ከደስታዬ ብዛት ልስመው ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ፋይሎቹ መሥራታቸውን ለማየት አንድ በአንድ ከፍቷቸው ነበር። «ዶክተር፣ ይቺን እኮ አውቃታለሁ፤ የሰፈራችን ልጅ ናት» አለኝ። ከስሟ ሥር የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቷ ተጽፏል።

«ለማንም አልናገርም» አለኝ፤ አምነዋለሁ። እሷ ግን ምስጢሯን የሰጠችው ለእኔ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። በመመረቂያ ጽሑፌ 21 ፋይሎች መጥፋታቸውን በግልጽ ጽፌያለሁ። የእሷን ጉዳይ ግን የትም አልጻፍኩም፣ ለእሷም አልነገርኳትም። በአደባባይ ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

መምህራን፣ እባካችሁ ለተማሪዎቻችሁ ንገሩልኝ። ፍላሽ ስታስቸግር መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ፎርማት አታድርጉ፣ ምንም አትገልብጡባት። ፋይሎቹ ሾርትከት ሆነው ከታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ደብቋቸው ነው እንጂ አልጠፉም፤ ሾርትከቱን ግን አትክፈቱት። መሰኪያዋ ከተሰበረ እያጣመማችሁ አትሞክሩ። መረጃው ያለው ውስጥ ባለችው ቺፕ ላይ ስለሆነ፣ ቺፗ እስካልተጎዳች ድረስ ባለሙያ በብየዳ ሊመልሰው ይችላል። ቺፗ ራሷ ከተሰነጠቀች ግን ተስፋው የመነመነ ነው።

ዋናው ሥራ ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ነው። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። የታካሚ ስም ፍላሽ ላይ አይግባ፤ በኮድ ይተካ፣ የኮዱ ዝርዝርም ለብቻው ይቆለፍበት። ፋይሉም በይለፍ ቃል ይመስጠር። የተመሰጠረ ፍላሽ ሲበላሽ መረጃውን ማውጣት የበለጠ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከምስጠራው ጋር ቅጂውን አትርሱ።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በቦርሳችሁ ውስጥ ያለችውን ፍላሽ አውጡና የማን የማን ስም እንዳለባት እዩ።