ቦርከና የማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ ቀን እንድናገር በተፈቀደልኝ ጊዜ ስለ ሩቅ አገር ነገር ለመናገር አስቤ ነበር። ነገር ግን ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ የምሻገረው ቦርከና ሐሳቤን አስለወጠኝ።

ከደሴ በስተምዕራብ በኩታበርና በተንታ በኩል ከሚዘንበው ዝናም ብዙው ወደ በሽሎ፥ ከዚያም ወደ ዓባይ ወርዶ ባሕር ይገባል። በእኛ በኩል የሚዘንበው ግን ቦርከናን ሆኖ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ቀጥሎም የጨፋን ሜዳ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይጨመራል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያኽል ከተጓዘ በኋላ፥ ባሕር ሳያይ፥ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ስለ ዓባይ ስንነጋገር የጎረቤት አገር ስም አይጠፋም። አዋሽ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በእኛው ምድር ስለሚሄድ፥ ቢጎድልም ቢቆሽሽም የምንከሰው ባዕድ የለንም።

አገራችን ወንዝን ከራስጌ እስከ ግርጌ እንደ አንድ ቤት ለማስተዳደር አስቀድማ የሞከረችው በዚሁ በአዋሽ ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተከፈተ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ ተመረቀ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን መሬቱና ውኃው ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ ሲሰጥ፥ የአፋር ከብት አርቢዎች በበጋ የሚሰማሩበት የወንዝ ዳር ሣር ከእጃቸው ወጣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ያ ክፉ ድርቅ ሲመጣ ብዙዎቹ ከብታቸውን የሚያሸሹበት አጡ። ዕቅዱ ሲወጣ እነርሱን ማን ጠየቃቸው? ይኸን ጥያቄ በታሪክ ክፍል አንሥቼ ነበር፤ ደወል ተደወለና ሳይመለስልኝ ቀረ።

ውኃ በመጉደል ብቻ አይጎዳም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። የቆቃ ግድብም ውኃ ሊይዝበት ከሚገባው ስፍራ ከፊሉን ከላይ ታጥቦ የመጣ ደለል ይዞበታል። ከተራቆተ ተራራ የሚወርድ አፈር እታች ላለው ሰው ዕዳ ነው፤ የጦሳ ቁልቁለትም ሌላ ሕግ የለውም።

በኦሪት ዘፍጥረት የይስሐቅ እረኞች ጉድጓድ በቆፈሩ ቁጥር የጌራራ እረኞች እየመጡ ይጣሉዋቸው ነበር። ይስሐቅ ትቶላቸው እየሄደ ሌላ አስቆፈረ፤ በሦስተኛው ጠብ ቀረ። ትንሽ ሳለሁ ይኸ ትዕግሥት እጅግ ያስደንቀኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ይስሐቅ የሚሄድበት ሰፊ ምድር ነበረው። በቦርከና ግርጌ ያለው ሰው ወዴት ይሂድ?

አጎቴ ከሐርቡ በታች ከብት ያረባሉ። ባለፈው ጥር ልጠይቃቸው ወርጄ ሳለሁ ላሞቹን ውኃ ልናጠጣ ወሰድናቸው። ሁለቱ ውኃውን አሽትተው ተመለሱ። አጎቴ አልተቆጡም፤ «ልጄ፥ እላይ ምን ትጥሉበታላችሁ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። በደሴ የቤታችን እጣቢ፥ ፌስታሉና የገበያው ጥራጊ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁና። በኮምቦልቻም ከፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ጅረቶች አድርጎ እዚያው ቦርከና ይገባል። በክረምት ጎርፉ ይሸፍነዋል፤ በበጋ፥ ወንዙ ሲቀጥን፥ ቆሻሻው ብቻውን የቀረ ያኽላል። የጨፋ ሣር ደግሞ ኦሮሞውም፥ አፋሩም፥ አርጎባውም፥ አማራውም ከብቱን ይዞ የሚጠጋበት በዚያው በበጋ ነው።

ፋብሪካ ይዘጋ አልልም፤ የብዙ ጓደኞቼ አባቶች እንጀራ ከዚያ ነው። ነገር ግን ፍሳሹን አጣርቶ መልቀቅ የሥራው አንድ ክፍል ሆኖ ይቆጠር፤ በወንዙ ነገር ምክር ሲደረግም የጨፋ ሽማግሌዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ ሰዎች ጋር እኩል ይቀመጡ። ማዘጋጃ ቤትም የቆሻሻ መጣያ ከወንዙ ያርቅልን።

እኛ ተማሪዎች ግን ምክሩ እስኪደረግ አልጠበቅንም። ካለፈው ኅዳር ጀምሮ ሦስት ሆነን ዘወትር ቅዳሜ በድልድዩ ሥር ምልክት በተደረገበት እንጨት የውኃውን ከፍታ እየለካን፥ መልኩንና ሽታውንም በደብተር እየጻፍን ነው። ሦስታችንም ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን እንወጣለን። ደብተሩ በሳይንስ ክፍል ሣጥን ውስጥ፥ እንጨቱም ከበሩ ኋላ ይገኛሉ። ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል የሚረከበን ሰው ካለ፥ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በዛፉ ሥር እንጠብቃለን።