ከምድር ቤቱ ወለል ሥር

እሱ፦ ከዓባይ ወዲህ፣ ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ ክረምት ሲገባ የብዙ ምድር ቤት ወለል ይረጥባል፣ ይሸታል።

እሷ፦ የፍሳሽ ቱቦው አርጅቶ ነዋ! ይቀየር።

እሱ፦ ቆይ እህቴ፣ አፈሩስ? ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አዲሱንም ቱቦ ይሰብረዋል።

እሷ፦ ታዲያ ምን ይደረግ?

እሱ፦ ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ፤ ቱቦው አሸዋ ላይ ይተኛ።

እሷ፦ ተዳፋቱንም አትርሳ። ለ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ውሃ ልክ ያልያዘ ባለሙያ እኔ አላምንም።

እሱ፦ በደንብ ቁልቁል ቢሆን አይሻልም?

እሷ፦ የለም፤ ውሃው ቀድሞ ይሄድና ደረቁ ቆሻሻ ሊቀር ይችላል።

እሱ፦ እሱስ እውነትሽን ነው።

እሷ፦ ኮንክሪት ሳይሞላ ደግሞ ጫፉ ይደፈንና ውሃ ይሞላበት። መጋጠሚያው የሚያልብ ከሆነ ያኔውኑ በዓይን ይታያል።