ስለ አስም በሽታና በትንፋሽ ስለሚሳብ መድኃኒት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጤና አጠባበቅ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በደስታ ቀን ስለ በሽታ ለመናገር መነሣታችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ዘንድሮ በክፍላችን የሆነውን ሳንናገር ብንቀር በደል ይሆንብናል። አንድ ጓደኛችን በትምህርት ሰዓት ደረቱ ሲር ሲር ይል ጀመር፤ ትንፋሽም አጠረው። እኛ ከበብነው፤ አንዱ ውሃ አምጡ፥ ሌላው አስተኙት አለ። መድኃኒቱ ግን በቦርሳው ውስጥ ነበረ። ቀድሞ «ሱሰኛ» እያልን ስለ ሣቅንበት በፊታችን ለማውጣት አፍሮ ነበር። አንድ መምህራችን ደርሰው አውጥተው ባይሰጡት ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበረ ስናስበው ያስፈራናል።

ከዚያ ወዲህ ጠይቀን የተረዳነው ይህ ነው። አስም ሲነሣ በሳንባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ ይኸውም ጡንቻዎቻቸው ሲኰማተሩ፥ ውስጣቸው ሲያብጥና አክታ ሲሞላባቸው ነው። ሳልቡታሞል የተባለው መድኃኒት ጡንቻዎቹን ያላላል። ኪኒኑ 2 ወይም 4 ሚሊግራም ሲሆን፥ የፓፉ አንድ ርጭት ግን 100 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በቀጥታ ሳንባ ስለሚደርስ ጥቂቱ ይበቃል፤ በደቂቃዎችም ውስጥ ይሠራል። ሱስም አያስይዝም። ሆኖም እብጠቱን አያጠፋምና፥ በየጊዜው ለሚነሣበት ልጅ ሐኪም እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በየቀኑ የሚሳብ መከላከያ ያዝለታል።

የዚህ ዕቃ መነሻ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ እንደ ነበረ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1955 የአሜሪካው ራይከር ላቦራቶሪስ ኃላፊ የጆርጅ ሜሶን የ13 ዓመት ልጅ፥ የአስም መድኃኒቷ እንደ ጠጕር ቅባት ከቆርቆሮ የማይረጨው ስለ ምን እንደ ሆነ አባቷን ጠየቀች። በ1956 የመጀመሪያው ፓፍ ወጣ። ሳልቡታሞል ደግሞ በ1969 ተከተለ።

ትንንሽ ልጆች መርጨቱንና መሳቡን እኩል ማድረግ ስለሚያቅታቸው ስፔሰር የሚባለው ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። እርሱ ቢታጣም፥ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ሲሠራበት እንደሚረዳ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 አሳይተዋል።

እንግዲህ አንድ ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው ቀጥ አድርገን እናስቀምጠው፤ አንጨናነቅበት። ፓፉን ነቅንቀን አንድ ጊዜ ረጭተን አራት ጊዜ ያህል ይተንፍስ፤ እንዲህ እያደረግን እስከ አራት ርጭት እንስጠው። ካልተሻለው፥ ወይም መናገር ካቃተውና ከንፈሩ ከጠቈረ፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ በመንገድም መድኃኒቱ አይቋረጥበት።

ወላጆቻችን ሆይ፥ የልጆቻችሁን መድኃኒት አትደብቁ። ዲሬክተራችን ሆይ፥ በሕክምና ክፍላችን አንድ ፓፍና አንድ ስፔሰር እንዲቀመጥልን እንለምናለን። እኛም ከእንግዲህ በማንም ትንፋሽ ላይ እንዳንሥቅ በፊታችሁ ቃል እንገባለን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!