በአደጋ ሰዓት መዝገብ ስለ መያዝ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ሆሳዕና ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ሲባል ሰው የሚያስበው ስለ ድልድይና ስለ ሕንፃ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ እርሳስና ደብተር ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚህችው በሆሳዕና አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ እስከ ጅማ ተሰምቶ ነበር። መጠኑን የለካው መሣሪያ ነው፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ ከምን እንደ ተሠራና በምን ዓይነት አፈር ላይ እንደ ቆመ ግን መሣሪያ አይነግረንም። ይህን የሚነግረን በቦታው የነበረ ሰው የጻፈው ነው። ፒየር ጉዌን በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ጭምር የተሰበሰበ ነው። መሣሪያ ሳይተከል የደረሰና ጸሐፊ ያላገኘ መንቀጥቀጥ ከታሪክ ወጥቷል።

ከግድግዳው ይልቅ የሚከብደው የሰው ነገር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ሲወርድ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተረባረቡትን ሁለተኛ ናዳ ቀበራቸው። የሟቾቹ ቍጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ229 ወደ 257 አደገ፤ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል የሚል ግምትም ተነገረ። እንዲህ ባለ ቀን ቍጥር ቢለዋወጥ አያስገርምም። ነገር ግን ለቁፋሮ የገባው ሰው ስም አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ማን እንዳልወጣ በምን ይታወቃል?

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዱ ከተማችን ጎርፍ ዋናውን የውሃ መሥመር በሰበረበት ሌሊት፣ በብጣሽ ወረቀት ላይ «ቫልቩ በ3 ሰዓት ተዘጋ» ብዬ ጽፌ ተኛሁ። ተረኛው ባልደረባዬ ከምሽቱ 3 ሰዓት መሰለው፤ እኔ ግን የጻፍሁት በፈረንጅ አቈጣጠር ነበርና ቫልቩ የተዘጋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ የፈሰሰው ውሃ ከሒሳብ ወጣ፤ ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ሳለ ለሕዝቡ ጠዋት ውሃ ይመጣል ተብሎ ተነገረ።

እንግዲህ ሠራተኞቻችንን ምን እናስተምር? አንደኛ፣ ሰዓቱ ከነአቈጣጠሩ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በዓይን የታየው በወሬ ከተሰማው ይለይ። ሦስተኛ፣ የሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ይግባ፤ «የጠፋ» የተባለውም «የሞተ» ተብሎ አይመዝገብ። አራተኛ፣ ስሕተት በአንድ መሥመር ተሰርዞ ይፈረምበት እንጂ አይፋቅ። በእኛ አገር አምስተኛም አለ፤ ምስክሩ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ይናገራል፣ ጸሐፊው በአማርኛ ይመዘግባል። የቦታውም ስም አንድ ጊዜ በግዕዝ ፊደል፣ አንድ ጊዜ በላቲን ይጻፋል። ስለዚህ የተስማማንበት የቦታ ስም ዝርዝር በየቢሮው ይኑር።

ይህ በመመሪያ ብቻ አይገኝም፤ ልምምድ ይሻል። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ ባሉ መሥሪያ ቤቶቻችን ክረምት ሳይገባ ለግማሽ ቀን እንቀመጥ። አንዱ የአደጋ ወሬ እያከታተለ ያንብብ፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ይጻፉ፤ ከዚያም ሁለቱ ደብተሮች ይመሳከሩ። የተለያዩበት ቦታ ትምህርታችን ነው።

በመጨረሻም፣ ጸሐፊ ሆኖ የተመደበ ሰው አካፋ አይያዝ። ሌላው ሲረባረብ እርሱ ቆሞ ሲጽፍ ሥራ ፈት መስሎ ይወቀሳልና፣ አለቃው ይከላከልለት። በማግሥቱ ወንድሙን የሚፈልግ ሰው የሚመጣው ወደዚያ ደብተር ነው።