ንድፍና ፎቶግራፍ፦ በእጅ ስለ ተሣሉ ሙዚቃዊ ፊልሞችና ስለ አዲሶቹ ቅጂዎቻቸው




የንግግሬ ርእስ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁ አልቀረም። ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኀይልና ስለ ውሃ መስመር ለመምከር በተሰበሰበ ጉባኤ መካከል ስለ ልጆች ፊልም ማውራት ቦታውን የሳተ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ከሙያችን የራቀ አይደለም። ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ የተወደደና ተግባሩን በሚገባ የፈጸመ ሥራ እንደ ገና ሲሠራ ሊጠበቅ የሚገባው ምኑ ነው? መልኩ ነው ወይስ ተግባሩ?

እ.ኤ.አ. በ1989 «ዘ ሊትል መርሜድ»፣ በ1991 «ቢውቲ ኤንድ ዘ ቢስት»፣ በ1992 «አላዲን»፣ በ1994 ደግሞ «ዘ ላየን ኪንግ» የተባሉት፣ በሥዕልና በዘፈን የተዋቀሩ ፊልሞች ከአሜሪካው የዲዝኒ ኩባንያ ወጡ። ከእነዚህም መካከል «ቢውቲ ኤንድ ዘ ቢስት» ለዓመቱ ምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት በዕጩነት የቀረበ የመጀመሪያው የካርቱን ፊልም ለመሆን በቅቷል። በእኔ ዕድሜ የሚገኙ ብዙዎች እነዚህን ሥራዎች በሕፃንነታቸው በቪዲዮ ካሴት አይተዋቸዋል። ሩብ ምዕተ ዓመትና ከዚያም በላይ ካለፈ በኋላ ኩባንያው እነዚያኑ ታሪኮች በሰው ተዋንያንና በኮምፒዩተር ምስል እንደ ገና ሠራቸው። «ቢውቲ ኤንድ ዘ ቢስት» በ2017፣ «አላዲን»ና «ዘ ላየን ኪንግ» በ2019፣ «ዘ ሊትል መርሜድ» በ2023 ለሁለተኛ ጊዜ ለሕዝብ ቀረቡ።

መሐንዲስ ነገርን በመለካት ይጀምራልና እኛም በቁጥር እንጀምር። «ቢውቲ ኤንድ ዘ ቢስት» ከ84 ደቂቃ ወደ 129፣ «አላዲን» ከ90 ወደ 128፣ «ዘ ላየን ኪንግ» ከ88 ወደ 118፣ «ዘ ሊትል መርሜድ» ከ83 ወደ 135 ደቂቃ አድገዋል። ታሪኩ ያው ሆኖ ሳለ ርዝመቱ ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ጨምሯል ማለት ነው። ገቢውም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነው፤ የ2019ኙ «ዘ ላየን ኪንግ» ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በርዝመት፣ በገቢና በምስል ጥራት ለሚመዝን ሰው እንግዲህ ክርክሩ ገና ሳይጀመር አልቋል። ነገር ግን ሚዛኑ ትክክለኛ መሆኑን ሳይመረምሩ የሚዛኑን ንባብ መቀበል ከእኛ ሙያ ደንብ ውጪ ነው።

ለምርመራችን «ዘ ላየን ኪንግ»ን እንውሰድ። ይህ ፊልም ለአንድ ሙከራ የተዘጋጀ ያህል ነው። ታሪኩ በሁለቱም አንድ ነው፤ ዘፈኖቹ በአብዛኛው አንድ ናቸው፤ የአባትየውን የሙፋሳን ድምፅ እንኳ በ1994ም ሆነ በ2019 የሰጠው አንድ ሰው፣ ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። በዋናነት የተለወጠው ምስሉ ነው። በሌላ አነጋገር ብዙው ነገር ባለበት ተይዞ አንዱ ብቻ ሲለወጥ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለማየት ዕድል አግኝተናል።

በቅድሚያ አንድ የስም ስሕተት መታረም አለበት። የ2019ኙ ፊልም ብዙ ጊዜ «በእውን የተቀረጸ» ተብሎ ይጠራል፤ ሆኖም በውስጡ አንድም በካሜራ የተነሣ አንበሳ የለም። ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮና ባልደረቦቹ ሜዳውንና ገደሉን በኮምፒዩተር ገነቡ፤ ዐይን የሚሸፍን መነጽር አድርገው በዚያ ምናባዊ ምድር ውስጥ እየተዘዋወሩ የካሜራውን ቦታ መረጡ። ዳይሬክተሩ እንደ ገለጹት በእውነተኛ ካሜራ የተነሣው በመክፈቻው ላይ የምትወጣው ፀሐይ ብቻ ናት። ስለዚህ ሁለቱም ፊልሞች ሰው ሠራሽ ሥዕሎች ናቸው። ልዩነታቸው የመጀመሪያው ሥዕል መሆኑን ሳይደብቅ ሲቀርብ፣ ሁለተኛው ፎቶግራፍ መስሎ ለመታየት መድከሙ ነው።

የዚህ ድካም ዋጋ በዘፈኖቹ ላይ ይታያል። ግልገሉ ሲምባ ንጉሥ ለመሆን መቸኰሉን በሚዘፍንበት ቦታ፣ በ1994ቱ ፊልም ዓለሙ በሙሉ ይለወጣል፤ ሰማዩና ምድሩ በደማቅ ቀለም ይሞላሉ፤ እንስሶቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው እንደ ግንብ ይቆማሉ። ይህ የሕፃን ልብ ውስጥ ያለ ዓለም ነው። በ2019ኙ ግን ግልገሎቹ ውሃ በሚጠጡ አራዊት መካከል ይሮጣሉ፤ ምክንያቱም እውነተኛ ቀጭኔ በቀጭኔ ላይ አይወጣም። የክፉው አጎት የስካር መዝሙርም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ጅቦች በአረንጓዴ ጭስ መካከል እንደ ወታደር ተሰልፈው ሲያልፉ ተመልካቹ የአምባገነን አነሣሥ ምን እንደሚመስል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረዳል። በአዲሱ መዝሙሩ አጥሮ ወደ ንግግር ተጠግቷል፤ ሰልፉም ቀርቷል።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ሕግ እናገኛለን። በሙዚቃዊ ድርሰት ሰው የሚዘፍነው ተራ ንግግር ስሜቱን መሸከም ሲያቅተው ነው። ዘፈን ራሱ ከእውነታ ወሰን የሚያልፍ ነገር ነው። ድምፁ ወሰኑን አልፎ ሲሄድ ምስሉ ወደ ኋላ ቢቀር፣ ሁለቱ እኩል ባልተጠመዱ በሬዎች እንደሚሳብ ሞፈር ይሆናሉ። በፊትም ላይ ያው ችግር ይታያል። የ1994ቱ ሠዓሊዎች ለአንበሶቻቸው የሰውን ቅንድብና የሰውን ዐይን ሰጥተዋቸዋል፤ የአውሬ ፊት ግን እንደ ሰው ለማዘን አልተፈጠረም። ስለዚህ በአዲሱ ፊልም ግልገሉ በአባቱ ሬሳ አጠገብ ሲቆም ድምፁ ሲያለቅስ ፊቱ ዝም ይላል።

ይህን እኛ ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። የድልድይ ንድፍ ጥራት የጐደለው የድልድይ ፎቶግራፍ አይደለም። የቁርጥ ንድፍ ማንም ዐይን በውጭ ሊያየው የማይችለውን፣ በኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት ያሳያል፤ የማያስፈልገውን ሁሉ የሚተወውም ሆን ብሎ ነው። በፎቶግራፍ ብዛት ድልድይ የሠራ ሰው የለም። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ቅዱሳንን ሙሉ ፊታቸውን ከሁለት ዐይኖቻቸው ጋር፣ ክፉዎችን ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሥሉ ነበር። እንዲህ ያደረጉት የሰው ፊት ሁለት ዐይን እንዳለው ዘንግተው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ማንበብ የማይችለው ምእመን የሥዕሉን ነገር በአንድ አፍታ እንዲለይ ነው። የስካርን ጥቁር ጋማና የሾለ ፊት የሣለው እጅም የሠራው ያንኑ ሥራ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የመጀመሪያው ሥራ ፈጽሞ አይነካ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1992ቱ «አላዲን» መክፈቻ ዘፈን ውስጥ ዐረቦችን የሚያዋርድ ስንኝ ነበረበት፤ የዐረብ አሜሪካውያን ተቃውሞ ከተሰማ በኋላ በ1993 ለቪዲዮ ሲወጣ ከፊሉ ተለወጠ፤ የቀረው ክብረ ነክ ቃል የተነሣው በ2019ኙ ፊልም ነው። በአዲሱ ልዕልት ጃስሚን የራሷ ዘፈን ተሰጥቷታል፤ በፍጻሜውም ራሷ ሱልጣን ትሆናለች፤ በቀድሞው ግን ያገኘችው የወደደችውን የማግባት መብት ብቻ ነበር። እነዚህ እርማቶች ተገቢ ናቸው። ልብ እንበል፤ ሁለቱም የመጡት የታሪኩን ዓላማ ከመመርመር እንጂ ከምስል ጥራት አይደለም።

ለዚህም ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ሦስተኛው «ዘ ላየን ኪንግ» ነው። በ1997 ጁሊ ቴይሞር የተባሉት ዳይሬክተር ይህን ታሪክ በኒው ዮርክ፣ በብሮድዌይ መድረክ ላይ አቀረቡት። ሥጋ ለባሽ ሰዎች የተጫወቱት እንግዲህ ይኸኛው ነው። ቴይሞር ግን ሰውን አንበሳ አስመስለው ለመደበቅ አልሞከሩም። ጭምብሉ ከተዋናዩ ፊት በላይ፣ በራሱ ላይ ተቀምጧል፤ ተመልካቹ አውሬውንና ሰውን በአንድነት ያያል። ቀጭኔዎቹ በእጅና በእግራቸው ረጃጅም እንጨት ይዘው የሚራመዱ ሰዎች ናቸው፤ ሚዳቋዎቹ በሚሽከረከር ጎማ ላይ ይዘላሉ፤ የሜዳው ሣር በዘፋኞች ራስ ላይ ይወዛወዛል። መሣሪያው ሁሉ በግልጽ ይታያል፤ የሚያየውም ሰው ያምናል። ትርኢቱ በ1998 ምርጥ የሙዚቃ ቴአትር የተባለበትን ጨምሮ ስድስት የቶኒ ሽልማቶችን አግኝቷል። በቅኔያችን አነጋገር ለመናገር፣ ቴይሞር ወርቁን ይዘው ሰሙን ለወጡ፤ የ2019ኙ ፊልም ግን ሰሙን አብዝቶ ሲያንጸባርቅ ወርቁ ደበዘዘበት።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

እኛም በየዕለቱ እንደ ገና እንሠራለን። አሮጌ ድልድይ እናድሳለን፤ የገበያ ቦታ እናፈርሳለን፤ በሰው ልማድ የተሞላ ሰፈር በአዲስ ንድፍ እንተካለን። በዚህ ጊዜ የሚፈትነን ፈተና ያው ነው። መለካት የሚቻለውን፣ ቁመቱን፣ መስታወቱንና የመብራቱን ድምቀት እንጨምራለን፤ መለካት የማይቻለው ግን በማስታወሻ ደብተራችን ውስጥ ረድፍ ስለሌለው ሳናውቀው ይቀራል። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሲገበያዩ የነበሩ እናቶች አዲሱ ሕንፃ ከተመረቀ በኋላ በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ብናይ፣ ጉድለቱ የስሌት አይደለም። የጠፋው ጥላው ምን ይሠራ እንደ ነበረ የጠየቀ ሰው ነው።

ስለዚህ ማናቸውንም ነባር ሥራ ከማፍረሳችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። ይህ ነገር ለሰዎች ምን ያደርግላቸው ነበር? ያንን እንዲያደርግ ያስቻለው የትኛው ክፍሉ ነው? እኛ የምንጨምረው ያንን ክፍል ያጠነክረዋል ወይስ ይሸፍነዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ አያስወጡም፤ የሚጠይቁት ጊዜና ትሕትና ብቻ ነው። ሳይጠየቁ ቢቀሩ ግን ኪሳራውን የሚከፍለው ንድፍ አውጪው ሳይሆን በሥራው የሚገለገለው ሕዝብ ነው።