መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በልብስ ማዘዣ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



በኢንተርኔት የሚሠራውን የሀበሻ ልብስ ማዘዣ እንዴት እንዳዘጋጀን፣ በምን እንደተሳሳትንና ምን እንደተማርን ባጭሩ እናቀርባለን።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት የመጀመሪያው ማዘዣችን አንድ ረጅም ቅጽ ነበር። 6 ዓይነት ጨርቅ፣ 12 ዓይነት ጥለት፣ 4 ዓይነት አንገት፣ 3 ዓይነት እጅጌና 3 ዓይነት ቁመት ደርድረን «ምረጡ» አልን። ሲባዛ 2,592 ዓይነት ቀሚስ ይሆናል። ምርጫ ማብዛት ደንበኛን ማክበር መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ ለአንድ ሠርግ ከታዘዙት ቀሚሶች የእናትየውና የሚዜዎቹ ጥለት ሳይመሳሰል ቀረ፤ የአንዷ ሚዜ ቀሚስም አጠረ። ቤተሰቡ በትዕግሥት ቢያልፈንም፣ ልብስ ሰፊ እናቶቻችን ግን ከእንግዲህ በኮምፒዩተር የመጣ ትዕዛዝ አንቀበልም እስከ ማለት ደረሱ። እውነታቸውን ነበር፤ ጥፋቱ የመርፌው ሳይሆን የእኛ አጠያየቅ ነበርና።

ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩን ዘግተን ከእናቶቻችን ጋር ቡና ጠጣን። ሰው ልብስ ሊያሰፋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ቀለም አይደለም፤ «መቼ ነው የሚለበሰው?» ብለው ነው። ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸመን ሲሆን፣ ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ የሚሠራ ነው። ቀኑ ከቀረበ አዲስ ጥለት ለማሸመን ጊዜ የለም፤ በተዘጋጀ ጨርቅ ላይ ማስጠለፍ ግን ይቻላል። ሁለተኛው ጥያቄ «ለብቻሽ ነው ወይስ ከቤተሰብ ጋር?» የሚል ነው፤ ክሩ በአንድ ጊዜ ካልተነከረ ቀለሙ ሊለያይ ይችላልና። ቁመትም የሚለካው በዕለቱ በሚደረገው ጫማ ቆሞ ነው፤ የእጅ ሽመና ጥጥ ሲታጠብ ስለሚኮማተር ለዚያም ትርፍ ይተዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኮምፒዩተሮችን እንደየደንበኛው ፍላጎት ሲያዘጋጅ፣ ክፍሎቹ በትክክል መሟላታቸውንና መገጣጠማቸውን ማረጋገጥ ከባድ ሥራ ነበር። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ጆን ማክደርሞት እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራውን የጀመሩበትና በኋላ ኤክስኮን የተባለው ፕሮግራም በ1980 አገልግሎት ላይ ዋለ። የባለሙያዎችን ዕውቀት «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» በሚሉ ሕጎች የያዘ ነበር፤ ሕጎቹም እያደጉ በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ። ሕጎቹን ዘወትር የሚያርም ሰው ማስፈለጉንም ከዚያው ታሪክ ተምረናል።

እኛም የእናቶቻችንን ሕግ በደብተር ጽፈን ማዘዣውን እንደገና ሠራነው። አሁን አንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። የማይስማማውን ምርጫ ዝም ብሎ አይሰውርም፤ «ቀኑ ስለቀረበ ይህ ጥለት አይደርስም» ብሎ ምክንያቱን ይናገራል። ዋጋው በየደረጃው ይታያል፤ ሐሳቡን የለወጠ ሰው የሞላውን ሳያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በመጨረሻ ትዕዛዙ ተጠቃሎ ይነበባል፤ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊትም ከእናቶቻችን አንዷ ስልክ ይደውላሉ። ይህን የመጨረሻ ደረጃ ለማሽን አልሰጠንም፣ ልንሰጥም አናስብም። ኮምፒዩተር ለማይጠቀሙ አረጋውያን ደግሞ ወጣቶቻችን በስልክ እየጠየቁ ይሞሉላቸዋል።

ሥራው ገና አላለቀም፤ የወንዶችና የሕፃናት ልብስ ይቀራል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ደብተራችን ውስጥ የሌለ ብዙ ዕውቀት በእናቶቻችን እጅና ዓይን ውስጥ አለ፤ ዛሬ ካልጠየቅናቸው ነገ የምንጠይቀው ሰው አናገኝም። ስለዚህ ልጆቻችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ስፌቱ ክፍል እንድትልኩልን እንለምናለን። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ይጻፍ፣ የማያውቅ ይጠይቅ፣ ልብስ ሰፊዎቻችን ደግሞ ይንገሩን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና።