ቋንቋን ከመጥፋት የማዳን ሥራና የባለቋንቋው ሕዝብ ድርሻ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ ከሰማንያ የማያንሱ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር ናት። ከእነዚህ የአንዳንዶቹ ተናጋሪዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመኑ በመሄድ ላይ ይገኛሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ያለውን ቋንቋ ለማዳን የተመራማሪው ድርሻ እስከ ምን እንደሚደርስና የባለቋንቋው ሕዝብ ድርሻ ምን እንደሆነ ማመልከት ነው።

በቅድሚያ የጋፋትኛን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዓባይ ወንዝ አካባቢ ይነገር የነበረው ይህ ሴማዊ ቋንቋ በጽሑፍ የመቆየት ዕድል አላጣም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ጎንደር የመጣው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በብዙ ድካም አራት ተናጋሪዎች አግኝቶ ሰዋስዉንና ቃላቱን መዝግቧል። ይህ ሥራ ለሴማውያን ቋንቋዎች ጥናት የዋለው ውለታ ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ልጁን በጋፋትኛ የሚጠራ አባት የለም። መዝገቡ ቃሉን አቆየ፤ አንደበቱን ግን ሊመልስ አልቻለም።

ቅማንትኛም ወደዚያው በማዝገም ላይ ነው። በጭልጋና በላይ አርማጭሆ አካባቢ የሚነገረውን ይህን የአገው ቋንቋ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አፍ የፈቱበት ሰዎች ሁለት ሺህ አልሞሉም፤ ቅማንት ተብሎ የተቆጠረው ሕዝብ ግን ከ170 ሺህ በላይ ነበር። ምክንያቱ ስውር አይደለም። የገበያው፣ የፍርድ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነበር። ወምበር በሚባሉት የሃይማኖት አባቶች መሪነት የሚደርሰው ባህላዊ ጸሎት የቋንቋው ምሽግ ሆኖ ቢቆይም፣ ሕዝቡ ወደ ክርስትና በገባ ቁጥር እርሱም እየጠበበ ሄደ። ልጁ እንዳይናቅና እንጀራ እንዳያጣ የሚሻ ወላጅ በአማርኛ ቢያሳድገው ሊወቀስ አይገባውም።

ታዲያ የተዳከመ ቋንቋ ሊያንሰራራ ይችላልን? የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች ታሪክ እንደሚቻል ያሳያል። በቀድሞው ዘመን በትምህርት ቤት ማኦሪኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ሕዝቡ ወደ ከተማ ሲፈልስ ቋንቋው ከቤት እየወጣ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ማኦሪዎች ራሳቸው ባነሣሡት እንቅስቃሴ «ኮሃንጋ ሬኦ»፣ ማለትም «የቋንቋ ጎጆ»፣ የተባለ የሕፃናት መዋያ ተከፈተ። በዚያም ቋንቋውን የሚያውቁ አረጋውያን ሕፃናቱን ሲያበሉና ሲያጫውቱ በማኦሪኛ ብቻ ይናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በቋንቋው የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከተለ፤ በ1987 ማኦሪኛ በሕግ ይፋ ቋንቋ ሆነ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ሕጉ የወጣው ጎጆው ከተሠራ በኋላ ነው። ሥራው ዛሬም አልተፈጸመም፤ ነገር ግን በማኦሪኛ የሚጫወቱ ልጆች አሉ።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ የሚቀዳው ድምፅና የሚዘጋጀው መዝገበ ቃላት ቅጂው በባለቋንቋዎቹ እጅ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ስለ ፊደልና ስለ ማስተማሪያ መጽሐፍ ከሽማግሌዎችና ከወላጆች ጋር ይመከር፤ የመጨረሻው ቃልም የእነርሱ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሕፃን ሁለት ቋንቋ አጣምሮ መያዝ እንደማይከብደውና አማርኛን ማወቅ የራስን ቋንቋ መተው እንደማያስፈልገው ለወላጆች ይገለጽ።

ቅማንትኛን አጥርተው የሚናገሩት ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ስለዚህ እነርሱ በሕይወት ሳሉ የልጅ ልጆቻቸውን አጠገባቸው ማስቀመጥ ከሁሉ የሚቀድም ተግባር ነው። የተመራማሪውም ደብተር ከዚያው ጎን ቢገኝ ሥራው ሙሉ ይሆናል።